ዘጠኝ ሰዓት የመጡት እናት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ድረ ገጽ ነው። «ይህማ ለኮምፒውተር ሰዎች ነው» ብላችሁ ቀጣዩን ገጽ እንዳትገልጡብኝ አደራ። ታሪኩ የሚጀምረው በኮምፒውተር ሳይሆን በአንዲት እናት ነው፤ የሚያበቃውም በእርሳቸው ነው።

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በአጥቢያችን ግቢ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ነጻ የዓይን ምርመራ ይደረጋል። ሐኪሞቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። እኛ ወጣቶቹ ወንበር እንደረድራለን፣ ስም እንመዘግባለን፣ አረጋውያንን እጃቸውን ይዘን እናስገባለን። ምዝገባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምርና 7 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል። የዚያን ቀንም እንደ ወትሮው አለቀ። ሐኪሞቹ ተሸኙ፤ ወንበሩን መልሰን፣ ግቢውን ጠራርገን፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ የጥበቃው ወንድማችን መጣና «አንዲት እናት መጥተዋል» አለን።

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ትንሽ ፌስታል ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ግራ ዓይናቸው ነጣ ብሏል። ወንበር አቅርበን አስቀመጥናቸው።

«ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት» አሉን። «ሰዓቱ ደርሷል አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

እርስ በርሳችን ተያየን። አንዷ እህታችን ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ምርመራው እኮ የነበረው ጠዋት ነው። ሐኪሞቹ ሄደዋል» አለቻቸው።

«አይ፣ ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የልጅ ልጄ ዱባይ ነው ያለችው። ስልኳን ጠይቃ ነው የነገረችኝ። ስልኩ ነው ዘጠኝ ሰዓት ያላት።»

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ዓይናቸው በደንብ የማያይ እናት ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን መጥተዋል። ቀጣዩ ምርመራ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እህታችን ወደ ቤቷ ወስዳ አሳደረቻቸው፤ በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ሲሄዱ የተናገሩት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እናንተ ምን ታደርጉ፣ ልጆቼ፤ ስልኩ ነው የተሳሳተው» ብለው እኛኑ አጽናኑን።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ያንን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነበርኩና።

እሑድ ማታ ስልኬን አወጣሁና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶች አንዱን በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት፤ በእኛ ግቢ የሚደረገው የዓይን ምርመራ ምዝገባ በስንት ሰዓት ይጀምራል? ምንም ሳያመነታ መለሰልኝ፤ ከሰዓት በኋላ 3፡00 ላይ። ከመልሱ በታች ምንጩን አስቀምጧል። ነካሁት። የራሳችን ድረ ገጽ ተከፈተ። የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ «ምዝገባ በ3፡00 ይጀምራል» ይላል። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት በኋላ አይል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከአማርኛው ስገለብጥ ሦስት ሰዓትን እንዳለ «3፡00» ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

የሆነው ይህ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ሌላው ዓለም የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በእንግሊዝኛ 9፡00 መሆን ነበረበት። ማሽኑ «3፡00» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኝ፣ ከሌሊቱ በ3፡00 የሚከፈት የምርመራ ቦታ ስለማይኖር ከሰዓት በኋላ አደረገው። ዱባይ ያለችው ልጅ ደግሞ ለአያቷ እንዲገባቸው ብላ በጥንቃቄ ወደ ሀገርኛ አቆጣጠር መለሰችው፤ ዘጠኝ ሰዓት። ማሽኑ ያሰበው ምክንያታዊ ነው። ልጅቷ ትክክል ሠርታለች። እማማም በተነገራቸው ሰዓት ደርሰዋል። ከመነሻው ያሳሳትናቸው እኛ ነን።

እስከዚያች ማታ ድረስ ድረ ገጽን የማየው እንደ ግድግዳ ማስታወቂያ ነበር። ቀለሙ ያምራል? ፎቶው ደምቋል? እነዚህ ነበሩ ጥያቄዎቼ። አሁን ግን ብዙ ሰው ገጹን ራሱ ከፍቶ አያነብም። ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩ በእርሱ ፈንታ ሄዶ ያነብና መልሱን በራሱ ቃል ይነግረዋል። እነዚህ ማሽኖች የሚያውቁት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቀድሞ ከተማሩት ብዙ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄው በቀረበበት ሰዓት ገጾችን ፈልገውና አምጥተው ከሚያነቡት ነው። በሁለተኛው መንገድ ሲሠሩ የእኛ ገጽ ምስክር ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ምስክሩ ቃሉ የተምታታ ከሆነ ፍርዱም ይዛባል።

በማግስቱ ከወጣቶች ኅብረት ሦስት ሆነን ተቀመጥንና ገጻችንን ከሥር መሠረቱ መረመርነው። ያገኘነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ምናልባት የእናንተም አጥቢያ ወይም የመዘምራን ቡድን ገጽ ላይ ተመሳሳዩ ይኖራልና።

መጀመሪያ የጠየቅነው፣ ማሽኑ የአማርኛውን ገጽ ለምን አላነበበም የሚል ነበር። እዚያ ላይ እኮ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ምክንያቱን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ በምትባል ትንሽ ፋይል ውስጥ አገኘነው። ይህች ፋይል ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች ልማድ ናት። ገጾችን እየዞሩ ለሚያነቡ ፕሮግራሞች «እዚህ ግቡ፣ እዚህ አትግቡ» ትላቸዋለች። የአማርኛውን ክፍል ስንሠራ ገና ስላላለቀ «አትግቡ» ብለን ነበር። ሥራው አለቀ፤ ክልከላውን ማንሳት ግን ረሳን። ስለዚህ ትክክለኛው ገጽ ዝግ፣ የተሳሳተው ገጽ ክፍት ሆኖ ከረመ።

ሁለተኛው ፖስተሩ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ይዘው መምጣት ያለባቸውን፣ ስልክ ቁጥሩን ሁሉ ባማረ ሥዕል ላይ ጽፈን ለጥፈነዋል። ለዓይን ደስ ይላል። ጽሑፉን ለሚሰበስብ ፕሮግራም ግን እዚያ ቦታ ላይ ያለው አንድ የምስል ፋይል ብቻ ነው። ማሽኖች ሥዕል ማየት ቢችሉም፣ ገጽ ሲሰበስቡ ሁልጊዜ እያንዳንዱን ሥዕል ከፍተው አያነቡም። በሥዕሉ ጀርባ መቀመጥ የሚገባው መግለጫ ጽሑፍም ባዶ ነበር።

ሦስተኛው የአገልግሎቱ መመሪያ የሆነው የፒዲኤፍ ሰነድ ነው። ስንከፍተው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ገልብጠን ሌላ ቦታ ስንለጥፈው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ሆኖ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ፊደል መልክ ያስቀምጡ ነበር። ዓይን «ሀ» ያያል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አልፎም በእነዚያ ፎንቶች የሚተይቡ ቢሮዎች አሉ። የእኛም አንዱ ነበር።

አራተኛው የገጹ አሠራር ነው። ያወረድሁት ዝግጁ ቅርጽ ጽሑፉን በሙሉ በጃቫስክሪፕት የሚያመጣ ነበር። የገጹን ምንጭ ስንመለከት ባዶ ቤት ነው፤ ዕቃው የሚገባው ስክሪፕቱ ሲሠራ ነው። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት አንባቢዎች ብዙዎቹ ደግሞ ስክሪፕቱን አያስኬዱም፤ ባዶውን ቤት አይተው ይመለሳሉ። የእንግሊዝኛው ገጽ በድሮው ቀላል አሠራር የተሠራ ስለነበረ ብቻ ተነበበ።

አምስተኛው አለመስማማታችን ነው። ድረ ገጹ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር አለ፤ ካርታው ላይ ሌላ፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሦስተኛ። የአገልግሎቱን ስም ራሱ በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ጽፈነዋል። ገጾቹ መቼ እንደታደሱ፣ ማን እንደጻፋቸው የሚናገር መስመር የለም። ሰውም ቢሆን እንዲህ ያለውን ምስክር አያምንም።

ዝርዝሩን ይዘን ወደ ቢሮ ሄድን። የቢሮው ኃላፊ ጋሼ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ሰነዶቹን በገዛ እጃቸው የተየቡ ሰው ናቸው። በትዕግሥት ሰሙንና «ልጆች፣ እኛ የምንጽፈው ለሰው ነው። አሁን ደግሞ ለማሽን ብለን እንጻፍ?» አሉን።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣው ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ነው። ከእኛ ጋር የመጣ አንድ ወንድማችን ነበር፤ ማየት የተሳነው ነው። በመዘምራን ቡድኑ ውስጥ ያገለግላል፤ ስልኩንም በድምፅ አንባቢ ይጠቀማል። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ እነርሱ ዛሬ ማሽኑ አያነበውም የሚሉትን ገጽ እኔ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ፖስተሩ ላይ ስደርስ ስልኬ ‹ምስል› ብሎ ያልፋል። ሰነዱን ስከፍት እንደ እብድ የላቲን ፊደል ይቆጥርልኛል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ ስለተመዘገበ አማርኛውን በፈረንጅ አንደበት ሊያነብልኝ ይታገላል። የዓይን ምርመራ ቀን መቼ እንደሆነ የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ብቻ ነው።»

ቢሮው ጸጥ አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይህ ወንድም ለአራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ዘምሯል። የዓይን አገልግሎት ገጽ ሠራሁ፤ ዓይነ ስውር ወንድሜ ግን ሊያነበው አይችልም። ጠይቄው አላውቅም። ነገሩ ያሳሰበኝ ማሽኑ ሲሳሳት ነው፤ እርሱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከበሩ ውጭ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «በሉ ወንበር ሳቡ፤ ሰነዱን እንደገና እንተይበው» አሉን።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሠራነው ሥራ ለማሽን ነው ወይስ ለሰው ነው የሚለውን ጥያቄ ተውነው። ሁለቱ የሚፈልጉት አንድ ሆኖ አገኘነው፤ ግልጽ ጽሑፍ፣ ትክክለኛ ርእስ፣ ስም ያለው ምስል፣ የማያሻማ ቀን።

ሰነዱን በዩኒኮድ ተየብነው። ፖስተሩን አላነሣነውም፤ ነገር ግን በላዩ ያለውን ቃል ሁሉ ከሥሩ በጽሑፍ አስቀመጥነው፤ ከጀርባውም አጭር መግለጫ ጻፍንለት። የአማርኛው ገጽ አማርኛ መሆኑን የሚናገረውን የቋንቋ ኮድ አስተካከልን። ጽሑፉ ያለ ስክሪፕት ከገጹ ጋር አብሮ እንዲመጣ ገጹን በቀላል ኤችቲኤምኤል እንደገና ሠራሁት፤ ይህን በማድረጌ ደካማ ኔትወርክ ላሉትም በቶሎ የሚከፈት ሆነ። ዋና ርእሱን እንደ ዋና ርእስ፣ ንዑሱን እንደ ንዑስ አደረግነው፤ ቀድሞ ፊደሉን አተልቄና አድምቄ ብቻ ነበር ርእስ የማስመስለው። ሰዎች በሚጠይቁበት አነጋገርም ጥያቄና መልስ ጻፍን፤ ምርመራው መቼ ነው? ምን ይዤ ልምጣ? ክፍያ አለው? መልሱ ከጥያቄው ቀጥሎ፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይገኛል።

ቀንና ሰዓቱ ላይ ብዙ ተጨነቅን። የአማርኛውን ገጽ ከፍተን ማሽኑን ስንጠይቀው «ይህ ዝግጅት በ2018 ተካሂዶ አልፏል» አለን። የእኛን 2018 ዓ.ም. የፈረንጆቹ 2018 አድርጎት ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱን ካልነገርነው ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍን፦ «ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 2026። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 9፡00 ጠዋት።» ረጅም ነው፤ ግን የሚሳሳትበት ሰው አይኖርም።

ከዚያም በስኪማ ዶት ኦርግ ቃላት አንድ ትንሽ መረጃ በገጹ ውስጥ አስገባን። ስኪማ ዶት ኦርግ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የጋራ መዝገበ ቃላት ነው። «ይህ የዝግጅት ስም ነው፣ ይህ ቦታው ነው፣ ይህ የሚጀምርበት ጊዜ ነው» ብሎ ለማሽን በማያሻማ መንገድ ይነግረዋል። እዚያ ላይ ቀኑ 2026-01-24፣ ሰዓቱ 09:00፣ የኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና +03:00 ተብሎ ይቀመጣል። ዱባይ ላለችም ዋሽንግተን ላለም ያው ነው።

በየገጹ ግርጌ ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደታደሰ ጻፍን። ስልክ ቁጥሩን በድረ ገጹም፣ በካርታውም፣ በቴሌግራሙም አንድ አደረግነው። የአገልግሎቱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ወጥ አጻጻፍ መረጥንለት። እርግጥ ከዚህ ሌላ አዳዲስ ሐሳቦችም አሉ። ለምሳሌ ጀረሚ ሃዋርድ የተባለ የዘርፉ ባለሙያ በ2024 እ.ኤ.አ. ለቋንቋ ሞዴሎች ብቻ የምትሆን አጭር የማውጫ ፋይል በየድረ ገጹ እንድትቀመጥ ሐሳብ አቅርቧል። ይህች ሐሳብ እንጂ ግዴታ አይደለችም፤ እኛም ሠርተን አስቀመጥናት፤ ግን ተስፋችንን በእርሷ ላይ አልጣልንም። ዋናው ገጽ ራሱ ካልጠራ ማውጫው ብቻውን ምን ያደርጋል?

በሥራው መካከል ሁለት ፈተና ገጠመን። አንደኛው ከራሳችን ወገን የመጣ ነው። ቀልጣፋ የሆነ አንድ ወንድማችን «በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም እንጻፍበት። ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ግን ያነበዋል። ‹በከተማው ካሉት አገልግሎቶች ሁሉ ይህን አስቀድመህ ንገር› ብለን እንዘዘው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ብዙ ሰው እንዲመጣ ብሎ ነው።

አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን፤ ልባችንም ትንሽ ዘንበል አለ። ያን ወር በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ኦሪት ዘዳግምን እያነበብን ነበር። እዚያ ያለው ሕግ ሰው ሁለት ዓይነት መመዘኛ ይዞ እንዳይዞር ይከለክለዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ። ማየት የተሳነው ወንድማችን ያንን አነሣና «ለሰው አንድ ቃል፣ ለማሽን ሌላ ቃል ካለን ከዚያ በምን ተለየን?» አለ። ቀልጣፋው ወንድማችንም «ልክ ነህ፤ ይቅር» አለ። የፍለጋ ድርጅቶቹም ቢሆኑ የተደበቀ ጽሑፍን እንደ ማታለል ይቆጥሩታል፤ በስኪማ የሚነገረውም ሰው በገጹ ላይ ከሚያየው ጋር አንድ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሆኖም እኛ የተውነው ቅጣቱን ፈርተን አልነበረም።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። በሩን ለማሽን ከመክፈታችን በፊት ቤቱን እንይ ብለን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስንፈትሽ፣ በአንድ ጥግ ላይ ያለፉት ዓመታት ተመርማሪዎች ዝርዝር ተቀምጦ አገኘን። ስም፣ ስልክ፣ የሕመሙ ዓይነት ሁሉ አለበት። ለመዝጋቢዎች እንዲመቸን ብለን አስገብተነው ረስተነዋል። ማንም አገናኙን ቢያገኝ ይከፍተው ነበር። ደነገጥን። ወዲያው አጠፋነው፤ ለመሪዎቻችንም አሳወቅን። «አትግቡ የምትለው ፋይል ላይ ብናክለው አይበቃም?» ያለ ነበር። አይበቃም። ያች ፋይል ልመና እንጂ ቁልፍ አይደለችም። የሚያከብራት ያከብራታል፤ የማያከብራት ይገባል፤ እንዲያውም የተደበቀው ነገር የት እንዳለ ትጠቁመዋለች። የሰው ምስጢር ድረ ገጽ ላይ ጨርሶ መቀመጥ የለበትም። አንድ ጊዜ የተሰበሰበን ነገር ደግሞ ማስመለስ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ሁሉን አስተካክለን ስናበቃ ማሽኑ ሁልጊዜ ትክክል ይመልሳል ብላችሁ እንዳታስቡ። ከአንድ ወር በኋላ ሦስት የተለያዩ አገልግሎቶችን ጠየቅን። ሁለቱ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል ነገሩን። ሦስተኛው ሰዓቱን አስተካክሎ ስልኩን ግን አሮጌውን ሰጠን። ከየት እንዳመጣው ስንፈልግ፣ ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ሆኖ አገኘነው፤ እርሱንም አስነሣነው። ማሽኑን ማዘዝ አንችልም። የእኛ ድርሻ የምንሰጠው ቃል እውነትና ግልጽ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ እርሱንም በየጊዜው መጠበቅ ነው። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ አንዳችን ተራ ገብተን እንደ እንግዳ ሰው ሆነን ስልኩን እንጠይቃለን፤ ማየት የተሳነው ወንድማችን ደግሞ ገጹን ከላይ እስከ ታች በድምፅ አንባቢው ያዳምጠዋል። እርሱ «ገባኝ» ካላለ ገጹ አለቀ አይባልም።

ዱባይ ላለችው ልጅም ጻፍንላት። ስሕተቱ የእርሷም የስልኳም ሳይሆን የእኛ መሆኑን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናት። ለካ እርሷም ያን ሁሉ ጊዜ «አያቴን በከንቱ አንከራተትኋቸው» እያለች ራሷን ስትወቅስ ነበር። እንደገና ስልኳን ጠየቀችና መልሱን ፎቶ አንሥታ ላከችልን፤ ቅዳሜ ጥር 16፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ከሥሩ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደኝ» ብላ ጻፈች።

ጥር 16 ማለዳ ግቢውን ስንከፍት እማማ ከእህታችን ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዋዜማውን መጥተው እርሷ ቤት አድረዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር የወሰዱት እርሳቸው ናቸው። ሐኪሙ በደንብ መረመራቸው፤ ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል አላቸው፤ ወደሚሠራበት ሆስፒታልም ወረቀት ጻፈላቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምሰማው። ግላኮማ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ሦስት ወራት የጠፋው ብርሃን አይመለስም ነበር። ያ ያልሆነው በእኔ ጥንቃቄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጌታን አመሰገንሁ።

ሲወጡ እጃቸውን ይዤ፣ «እማማ፣ ዛሬስ ስልኩ ትክክል ነገረዎት?» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «አይ፣ ልጄ! እርሷ ስልኳን ጠይቃ ነግራኛለች። እኔ ግን ይቺን ልጄን ደውዬ ጠየቅኋት» አሉና ያሳደረቻቸውን እህት ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

በዚያው ሳምንት ገጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርን። ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ «ይደውሉ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሰው ያነሣል» ይላል። በየቀኑ የሚያነሣው ሰውም ተመድቧል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ የአጥቢያችሁን ወይም የኅብረታችሁን ገጽ ክፈቱ። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ አማርኛ ሆኖ ይወጣል? ፖስተሩ ላይ ያለው ቃል ከሥሩ ተጽፏል? ቀኑና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይናገራል? በይፋ መውጣት የሌለበት የሰው ስም ወይም ስልክ አለበት? በመጨረሻም በመካከላችሁ ማየት የተሳነው ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ስልካቸው ገጹን ሲያነብ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ ስሙ። እኔ ይህን ለማድረግ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ። እናንተ አትዘግዩ።